የአስቸኳይ እርምጃ ደብዳቤ

የአስቸኳይ እርምጃ ደብዳቤ ለስቃይ ወይም ለሞት ስለተጋለጠ እስረኛ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ለባለሥልጣናት የሚጽፉት አቤቱታ ነው። ዘዴውን የጀመረው በ1961 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ጠበቃ ፒተር ቤነንሰን ጥሪ የተመሠረተው አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሲሆን፣ ጊዜውም 1973 እ.ኤ.አ. ነበር። በመጀመሪያ የተጻፈው በወታደራዊ መንግሥት ሥር በነበረችው ብራዚል ስለታሰሩት ፕሮፌሰር ሉዊስ ባዚሊዮ ሮሲ ነው። ሮሲ ከእስር ተፈቱ፤ ጉዳያቸው በይፋ ከታወቀ ወዲህ አሳሪዎቹ ሊገድሏቸው እንደማይችሉ መረዳታቸውን በኋላ ተናግረዋል።

ደብዳቤው አጭር ነው፤ የእስረኛውን ሙሉ ስምና አንድ ግልጽ ጥያቄ ይይዛል። ስድብ ግን አይጻፍበትም፤ ጦሱ ለእስረኛው ሊተርፍ ይችላልና። ለእስረኛው ለራሱ የሚላከው የማጽናኛ ካርድ ከዚህ የተለየ ነው፤ በእጁ ባይገባ እንኳ ጠባቂዎቹ ሊያዩት ይችላሉ።