ባቡሩ የቆመበት ከተማ

የድሬ ዳዋ ዕድሜ የሚቆጠረው ከባቡር ነው። በሌላ ቦታ ከተማው ከሐዲዱ ይቀድማል፤ በሊዝበን በ1893 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ትራም ሲጀመር ሐዲዱ የተነጠፈው ዘመናት ባስቆጠሩ ጠባብ መንገዶች ላይ ነበር። አዲስ አበባም ቀላል ባቡር ያገኘችው ከተቆረቆረች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ድሬ ዳዋ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ሐዲዱ ቀድሞ ደረሰ፤ መንገዱ፣ ቤቱና ገበያው እሱን ተከትለው መጡ። በመሆኑም የውስጥ ለውስጥ ትራም ባይኖራትም፣ የሐዲዱን ፈለግ ይዞ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማወቅ ይቻላል።

አፄ ምኒልክ የባቡር ሥራውን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ሲሰጡ፣ መስመሩ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ እንዲያመራ ታስቦ ነበር። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሣ። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከሥሯ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ያንን ዳገት በሐዲድ መውጣት ገንዘብም ጊዜም የሚጨርስ ሆነ። መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው ሜዳውን መረጡ፤ ባቡሩም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ገባ። ቦታው ባዶ ምድረ በዳ አልነበረም፤ የኢሳና የጉርጉራ ሶማሌዎች፣ የኖሌ ኦሮሞዎችም ከብታቸውን የሚያሰማሩበትና የሚያጠጡበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለአዲሱ ጣቢያ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ከወረቀት አልዘለለም፤ ነዋሪው ድሬ ዳዋ ማለቱን ቀጠለ።

ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ግን የባቡሩ መምጣት ብቻ ሳይሆን እዚያው መቆሙ ነው። የባቡር ኩባንያው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ስምምነት ምኒልክን አስቆጣ፤ በአገራቸው ምድር ላይ የሌላ መንግሥት እጅ ረዝሞ አዩት። የእንግሊዝና የጣሊያን ፉክክርም ተጨመረበት። ገንዘብ ነጠፈና ኩባንያው ከሰረ። ሥራው መልሶ የተቃናው በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፣ ለጓደሉፑ ተወላጅ ለዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ከተሰጠ በኋላ ነበር፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም. ነው። ሥራው ቆሞ በነበረባቸው ዓመታት ድሬ ዳዋ የመስመሩ ጫፍ ሆና ቆየች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። ቡናውና ቆዳው ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። የሐረር ነጋዴ ቁልቁል ወረደ፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡና ህንዱ ሱቅና መጋዘን ከፈተ።

ጉብኝቱ ከጣቢያው አደባባይ ይጀምራል። በሕንፃው ግንባር ላይ የአማርኛና የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ይነበባል። ሰፈሩ ለገሃር ይባላል፤ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያ፣ በሰው አፍ ተለውጦ የቀረ ስም ነው። አዲስ አበባም ለገሃር ያለው ሰፈር አላት። ከአደባባዩ የሚነሡት ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ወደ ከዚራ ያስገባሉ። ከዚራ የባቡር ኩባንያው በመስመር ያሰመረው ሰፈር ነው፤ በረንዳ ያላቸው ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ በሁለቱም ወገን ጥላ የሚሰጡ ዛፎች አሉት። ሲያብብ እሳት የሚመስለውን ቀይ አበባ ዛፍ አማርኛ «የድሬዳዋ ዛፍ» ይለዋል። ዛፉ አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ ስሙን ግን እዚህ አገኘ።

ከከዚራ ማዶ የደቻቱ ወንዝ አለ። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርማል፤ ሰውም በእግሩ ያቋርጠዋል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከደቻቱ ባሻገር መጋላ ነው። የከዚራ መንገድ ቀጥ ያለውን ያህል የመጋላ መንገድ ይጠማዘዛል፤ ማንም በማስመሪያ አላሰመረውም። እዚያው የቀፊራ ገበያ አለ፤ የሶማሌኛው፣ የኦሮምኛው፣ የአማርኛውና የሐረሪው ድምፅ ተቀላቅሎ ይሰማል። ታይዋን የሚባለው ገበያም ስሙን ያወጣው በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በመጣ ዕቃ ነው።

የከተማዋ ልብ ግን ከጣቢያው አጠገብ ያለው የጥገና ወርክሾፕ ነበር። ድሬ ዳዋ በመስመሩ መካከል ላይ ስለምትገኝ ባቡሮች የሚጠገኑት እዚህ ነበር። ፈረንሳይኛም በቤት ሳይሆን በሥራ ቦታ የሚለመድ ቋንቋ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬ ዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ሆቴሉና ምግብ ቤቱ በዚህ እንግዳ ኖሯል። ጣሊያኖች በኋላ ሊቶሪና የተባለውን ፈጣን ባቡር አመጡ፤ ጉዞው አጠረ፤ ለአዳሪው ቤት ግን መልካም ዜና አልነበረም።

ሐዲዱ የአገሪቱን ከባድ ቀናትም አሳልፏል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት ሲወጡ በዚሁ ባቡር በድሬ ዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አልፈዋል። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ተጠግቶ ተመለሰ፤ መስመሩም በጦርነቱ ተቆረጠ። ከጦርነቱ ጉዳት አገግሞ ቢሠራም፣ አሮጌ ሐዲድና ያረጀ ሞተር ሸክሙን ችሎ መቀጠል አቃታቸው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአዲስ አበባው ባቡር ቀረ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ጣቢያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ ሠራ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ዛሬ ከከተማው ዳር ወርዶ፣ በባጃጅ ተጭኖ ወደ ከዚራ ይገባል፤ ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ሲደርስም በጥገና ወርክሾፑ ግቢ ውስጥ የቆሙት ሎኮሞቲቮች ከአጥሩ ወዲያ ናቸው።