በቤት ኮምፒዩተር ዘመን በዲስክ ማንበቢያ ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት

ኮሞዶር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሞዶር 64 የተሰኘውን የቤት ኮምፒዩተር በ595 ዶላር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ቀደም ሲል የመንግሥት፣ የባንክና የዩኒቨርሲቲ ሀብት ሆኖ የኖረው መሣሪያ ከተራው ሰው ሳሎን ገብቶ ከቴሌቪዥን ጎን ለመቀመጥ በቃ። ስለዚህ ኮምፒዩተር ክብር ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ልናገርለት የምሻው ከጎኑ ሆኖ በትሕትና ሲያገለግለው ስለ ኖረውና ባላጠፋው ጥፋት ስለ ተቀጣው፣ 1541 ስለሚባለው የዲስክ ማንበቢያ ነው።

ይህ ማንበቢያ ለብቻው የሚገዛ፣ በውስጡም የራሱ ፕሮሰሰርና 2 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው፣ ስለዚህም ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒዩተር ሊባል የሚገባው ነበረ። አምስት ከሩብ ኢንች ስፋት ባለው ዲስክ አንድ ገጽ ላይ፣ ትራክ በሚባሉ 35 ክብ መሥመሮች፣ 170 ኪሎባይት ያህል ይጽፍና ያነብ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ጐድሎት ነበር፤ ይኸውም ሄድ የሚባለው የማንበቢያው ክፍል ከመጀመሪያው ትራክ መድረሱን የሚያስታውቅ ምልክት ሰጪ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ በዲስኩ ላይ የተጻፈው አልነበብ ባለ ጊዜ፣ ማንበቢያው ያለበትን ስፍራ ለማረጋገጥ ሲል ሄዱን ከትራኮቹ ቍጥር በሚበልጥ እርምጃ ወደ ዳር ይነዳዋል፤ ሄዱም ከመቆሚያው ጋር ኳ ኳ እያለ ደጋግሞ ይጋጭና፣ ዳር መድረሱ ከታወቀ በኋላ ቈጠራው ከአንድ እንደገና ይጀመራል። ዲስክ የሚበላሸው አልፎ አልፎ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ የሚመጣው ጉዳት እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ነገር ግን ሶፍትዌር አሳታሚዎች፣ ፕሮግራማቸው ያለ ፈቃድ እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ባዩ ጊዜ፣ በዲስኩ ላይ ሆን ብለው የተበላሸ ስፍራ ማኖር ጀመሩ። ተራው የመገልበጫ ፕሮግራም ደኅናውን ጽሑፍ ይገለብጣል እንጂ ብልሽቱን መገልበጥ አይችልም፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ የተጻፈ ጨዋታ ሲከፈት ያን ስፍራ አንብብ ብሎ ማንበቢያውን ያዘዋል፤ ስሕተት መኖሩ ከተነገረው ዲስኩ እውነተኛ ነው ብሎ ይቀጥላል፤ ስሕተት ከሌለ ግን ግልባጭ ነው ብሎ ይቆማል። ምስኪኑ ማንበቢያ ብልሽቱ የታሰበበት መሆኑን ከየት ይወቅ? እንደ ሥርዐቱ ሄዱን ወስዶ ከመቆሚያው ጋር ያጋጨዋል፤ ይህም ጨዋታው በተከፈተ ቍጥር ይደገማል።

የጉዳቱን ጠባይ ለመረዳት ሣጥኑን ከፍቶ ማየት ያሻል። ሄዱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ከዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ መዘውር አለው፤ በቀደሙት ማንበቢያዎች ይህ መዘውር በዘንጉ ላይ የተያዘው በኃይል ተገፍቶ በመግባቱ ብቻ ነበር። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሩ በዚያው ሣጥን ውስጥ ስለ ተቀመጠ ሙቀቱ ብርቱ ነው። ሙቀቱና ግጭቱ ተባብረው መዘውሩን ከዘንጉ ላይ ቅንጣት ያህል ካዞሩት፣ ሄዱ ከትራኩ መካከል ይስታል፤ ያን ጊዜ ማንበቢያው ራሱ የጻፈውን እያነበበ፣ ከሱቅ የተገዛውን ዲስክ ግን አላውቀውም ይላል። ባለቤቱ ወደ ጠጋኝ ወስዶ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያስተካክለዋል፤ ከዚያም ያንኑ ጨዋታ ይከፍትበታል። አንዳንድ ብልህ ጠጋኞች መዘውሩንና ዘንጉን አብረው በስተው በመካከላቸው የብረት ችንካር እስከ መስደድ ደርሰዋል።

የአሳታሚዎቹን አቤቱታ ከንቱ ነው አልልም። ቢል ጌትስ ገና እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ለኮምፒዩተር ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ሶፍትዌሩን ያለ ክፍያ የሚገለብጡትን ወቅሶ ነበር፤ የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ መጠየቁም ጽድቅ ነው። የሚያሳዝነው ቅጣቱ የወደቀበት ሰው ነው። ይህን የግልበጣ መከላከያ ቍልፍ ሰብሮ የገለበጠው ሰው የተበላሸውን ስፍራ አንብብ የሚለውን ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ስለሚያወጣው፣ የእርሱ ግልባጭ ያለ ኳኳታ በሰላም ይከፈታል፤ ማንበቢያው የሚቀጠቀጠው ገንዘቡን ቈጥሮ የገዛው ሰው ቤት ነው። ይህም የሆነው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1980 ተሻሽሎ፣ የፕሮግራም ባለቤት ለመጠባበቂያ የሚሆን ግልባጭ እንዲያዘጋጅ በፈቀደበት ዘመን ነው።

በኋላ ቍልፍ ሠሪዎቹ ራሳቸው ተራቀቁ፤ የገዛ ፕሮግራማቸውን በማንበቢያው ሜሞሪ ውስጥ እያስገቡ ያለ ግጭት መመርመርን ተማሩ። ኮሞዶርም 1541ሲ በተባለው ሞዴል ላይ ያን የጐደለውን ምልክት ሰጪ ቢጨምር፣ ቀድሞ የታተመ አንዳንድ ሶፍትዌር በአዲሱ ማንበቢያ አልሠራ አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1994 ከስሮ ተዘጋ።

ዛሬ የዚያን ዘመን ጨዋታ በአዲስ ኮምፒዩተር ለማየት የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቍልፉ የተሰበረውን ግልባጭ ነው፤ አሳታሚዎች ሌባ ያሏቸው ወጣቶች ሳያስቡት የታሪክ ጠባቂዎች ሆኑ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. በ2003፣ ጊዜ ያለፈበት መሣሪያ የሚጠይቁ ፕሮግራሞችና ጨዋታዎች ቍልፋቸው ቢከፈት በሕግ እንዳያስጠይቅ ደነገገ።