የዋልያስ ባንድ መነሣትና መበተን

ከስሜን ተራሮች ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚጓዝ መንገደኛ ደጋውንና ወይናደጋውን ጨርሶ የሰሊጥና የጥጥ አገር ከሆነው ቆላ ይደርሳል። በዚያም ከጠረፉ ወዲህ መተማ ዮሐንስ፣ ከጠረፉ ወዲያ ገላባት ፊት ለፊት ይተያያሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1889 ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህ ምድር ነው። ጦር የተመላለሰበት ይህ በር ዘፈንንም አመላልሷል። የሁለቱ አገሮች ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የቆመ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የማይሰማ አድማጭ እንኳ የጎረቤቱን ዜማ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። በደርግ ዘመን ደግሞ ይኸው በር የስደት በር ሆነ፤ ብዙ ሰዎች የሌሊቱን ጨለማ ተገን አድርገው በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ።

በዚያው ዘመን ሌላ የመውጫ በር ነበረ፤ እርሱም የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዚህኛው በር ፈቃድ አግኝቶ፣ መሣሪያውን ይዞ ከወጣ በኋላ አንድ የሙዚቃ ቡድን ለሁለት ተከፈለ። ቡድኑ የሚጠራው ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም በሌላ ሥፍራ በማይገኘው በዋልያ ስም ነበር።

ዋልያስ ባንድ ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ሥርዓት ማስታወስ ያሻል። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በመንግሥት እቅፍ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ወጣቶችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃን ካስፋፉ ወዲህ፣ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም ሀገር ፍቅርና የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሙዚቀኛውን አስተምረዋል፤ ደመወዝም ከፍለውታል። ዳሩ ግን መሣሪያው የተቋሙ ነበር፤ ሙዚቀኛውም እንደዚሁ። ዘፈን በሸክላ የማሳተም መብትም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር እ.ኤ.አ. በ1969 የጣሰው አምኃ እሸቴ ነው፤ የካይፋ ሪከርድስ ባለቤት ዓሊ አብደላም ፈለጉን ተከተለ። እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽና 30 የሚያህሉ ትልልቅ ሸክላዎች ታተሙ።

ዋልያስ የተወለደው አጥሩ በተከፈተበት በዚህ ወቅት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ቬነስ በተባለው የምሽት ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች ተሰባስበው መሠረቱት። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ተማረ ሐረጉ በድራም የቡድኑ አባላት ነበሩ። ከእነዚህ ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ ገና በ14 ዓመቱ የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል የገባ ሰው ነው። የአሮጌው ሥርዓት ትምህርት በአዲሱ ቡድን ጣቶች ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጣቶቹን የሚያዛቸው የበላይ መኮንን አለመኖሩ ነበር።

ቡድኑ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ተጫውቷል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ በታወጀባት ከተማ፣ ሌሊቱን ከቤቱ ውጭ ያገኘው ሰው ባለበት ማደር ግድ ሆነበት። ስለዚህ አድማጩም ሙዚቀኛውም በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ይቆዩ ነበር። ከውጭ ተኩስ፣ ከውስጥ ሙዚቃ! ዘመኑን ከዚህ በላይ የሚገልጽ ሥዕል አይገኝም።

ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ባስጨነቀበት በ1977 ቡድኑ «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በካይፋ አማካይነት አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎኑ ተሳትፎበታል። ሸክላው ከድምፃዊ ይልቅ መሣሪያ የሚናገርበት በመሆኑ በአገሩ ብርቅ ነበር። ግጥም ለሳንሱር ይቀርባል፤ ቃሉ ይመረመራል፣ ስንኙ ይሰረዛል። ቃል የሌለውን ዜማ ግን መርማሪው በየትኛው መስመር ላይ ቀይ ቀለም ያፈስበታል? የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የዚህ ሸክላ ፍሬ ነው። አንዲት አጭር የዜማ ሐረግ በጠንካራ ምት ላይ ደጋግማ ትመለሳለች፤ በተመለሰች ቁጥርም ትጠብቃለች እንጂ አትሰለችም። ምቱ ከአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ የተማረ ነው፤ ቅኝቱ ግን የአገር ቤት ነው።

በ1981 ዋልያስ ከድምፃዊው ማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በዚያች አገር ተዘዋውሮ ሙዚቃውን ያሳየ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ይኸው ነው። በየአዳራሹ የተቀበላቸው ሕዝብ በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። የጉዞው ፍጻሜ ሲደርስ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ኃይሉ መርጊያ ወደ ደርግ አገዛዝ ላለመመለስ ወስነው በዚያው ቀሩ፤ ዙላ ባንድ የተባለ ቡድንም አቋቋሙ። የተመለሱት በዋልያስ ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ መጫወታቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገን የትኛው ዋልያስ ነበረ? የተመለሱት ስሙን፣ መድረኩንና የአገራቸውን አድማጭ ይዘዋል፤ ኦርጋኑ፣ ፒያኖው፣ ሳክስፎኑና ባሱ ግን የሉም። የቀሩት ጣቶቹን ይዘዋል፤ አድማጫቸው ግን ዘፈንን እንደ ናፍቆት እንጂ እንደ ዕለት እንጀራ የማይሰማ ስደተኛ ነው። ባንድ ማለት የሰዎች ቁጥር አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየጠበቀ ለዓመታት የገነባው የጋራ ጆሮ ነው። ያ ጆሮ ሲከፈል ግማሽ ለግማሽ አይደርስም። የሄደውንም የተመለሰውንም መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወቀሳው የሚገባው ከያኒውን በአገሩና በነጻነቱ መካከል ምረጥ ላለው ሥርዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮኑንና የኤሌክትሪክ ኪቦርዶችን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው»ም በ2014 ዳግመኛ ታተመ። ለረጅም ዘመን ከመድረክ ርቆ የነበረው ግርማ በየነ በ2017 ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አልበም አወጣ፤ ኃይሉም በ2018 «ላላ በሉ»ን አቀረበ። «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ ደራሲውን በዓይናቸው ያላዩ የውጭ አገር ባንዶች የሚጫወቱት ዜማ ሆነ።

ደስታው ሙሉ አይደለም። የተረፈው በ1977 የተሠራው ነው፤ በ1982፣ በ1985፣ በ1990 ሊሠራ ይችል የነበረው ሁለተኛና ሦስተኛ «ቼ በለው» ከቶ አልተወለደም። ዋልያ ከገደሉ ሲባረር መንጋው ይበተናል፤ ከየአቅጣጫው ቢጠሩትም ተመልሶ አንድ አይሆንም። መተማን በሌሊት ተሻግረው ከሄዱት መካከልም መሰንቆውን ጥሎ የሄደ፣ ዋሽንቱን በከረጢቱ ሸሽጎ የሄደ አይጠፋም፤ የእነርሱን ሸክላ ግን ማንም አላተመውም። ሙዚቀኛን ማስተማር የቻለ አገር የመጨረሻው ፈተና መውጫውን መጠበቅ አይደለም፤ የወጣው ሳይፈራ የሚመለስበትን በር ክፍት ማድረግ ነው።