ከጀፎረ እስከ አዳራሽ

አያቴ ሲሞቱ ትተውልን የሄዱት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ነበሩና ቆርቆሮው እስኪከፈት ድረስ ወርቅ የጠበቀ ዘመድ አልጠፋም ነበር። የተገኘው ግን ወረቀት ብቻ ሆነ። የዕድር ደብተር፣ የዕቁብ ደብተር፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው የቀበሌ መታወቂያ፤ ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ በክር የታሰረ የደረሰኝ ክምር። ደረሰኞቹ የመንገድ መዋጮ የተከፈለባቸው ናቸው። ሁለት ብር፣ አምስት ብር፣ ገበያ በቀናበት ወር አሥር ብር። እኚህ ሰው ከመኪና ይልቅ እግራቸውን ያምኑ እንደነበር ስለማውቅ፣ ያን ጊዜ ነገሩ አስቆኝ ነበር።

ቆርቆሮው እንደገና ትዝ ያለኝ በቅርቡ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ስብሰባውን የጠሩት ከጉመር፣ ከአረቅጥ አካባቢ የተወለዱ ሰዎች ናቸው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ እዚያ አገር ቤት ያለ የአንድ ሰፈር አሮጌ አዳራሽ ጣራው አፍስሷል፣ በሩ ወልቋል፣ ወንበሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ይጠገን ተባለ። ኮሚቴ ተመረጠ፤ እጅ በእጅ ላይ እየተነሣ ገንዘብ ተነገረ። እኔም ያቅሜን ተናገርኩ። ጭብጨባው ሳይበርድ ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብድግ አሉና፣

«ጣራውስ ይጠገናል፤ በሩም ይገጠማል። ልጆቼ፣ የበሩን ቁልፍ ማን ይይዛል?» አሉ።

ቤቱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሰብሳቢው «እሱ በሌላ ጊዜ ይታያል ጋሼ» ብሎ አለፋቸው። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ይዣት ወደ ቤቴ ገባሁ፤ የአያቴን ቆርቆሮም ከፈትኩ። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተወለደ ነው።

ቁልፍ የሌለው አዳራሽ

ስለ ጉራጌ አዳራሽ ለማውራት መጀመሪያ ስለ ጀፎረ ማውራት ግድ ነው። አረቅጥ የጉመር ወረዳ ከተማ ናት፤ ጉመርም ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ እንሰቱ ከጓሮ፣ ገብሱ ከማሳ፣ ብርዱ ከጋቢ ሥር አይጠፋም። ከተማዪቱ በስሟ የሚጠራ ሐይቅም አላት። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲሉ ዐይን የሚማርከው ግን ጀፎረው ነው። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ በመካከላቸው አውራ ጎዳና የሚያህል፣ ሣሩ የተጋጠ ሰፊ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። መንገድ ነው እንዳይሉት ከብት ይግጥበታል፤ ግጦሽ ነው እንዳይሉት ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ሬሳ ይለቀስበታል፣ የመስቀል ደመራ ይለኮስበታል። ባጭሩ ጣራና ግድግዳ የሌለው የሕዝብ አዳራሽ ነው።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ አጥኚ ዊልያም ሻክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቸሃ ውስጥ ተቀምጦ አጥንቶ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ያሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ ይጠራዋል። አባባሉ ትክክል ነው። እኔ ግን «የጀፎረ ሕዝብ» ቢባልም ያስኬድ ነበር እላለሁ። ጀፎረ የማንም አይደለምና የሁሉም ነው። አጥሩን ገፋ አድርጎ አንድ ክንድ መሬት ወደ ጓሮው ሊቀላቅል የሚሞክር ሰው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ አይደለም የሚጣላው። ጉዳዩ ለሽማግሌ ይቀርባል፤ ሰባት ቤቶች የሚዳኙበት የየጆካ ቅጫ የሚባለው ባህላዊ ሕግ ከበስተጀርባው አለ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጀፎረን ያቆየው የገነባው ሰው ብልሃት አይደለም። ትውልድ ሁሉ «አትንካው» እየተባባለ ስለጠበቀው ነው የቆየው። ቁልፍ የለውም፤ ዘበኛው ይሉኝታና ቅጫ ነው።

በደረሰኝ የተሠራ መንገድ

የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ በ19ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግድም በራስ ጎበና ጦር ከተሸነፈ በኋላ ጉራጌ በምኒልክ መንግሥት ሥር ጠቅልሎ ገባ። ግብር መጣ፤ ግብር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። እንሰት ቤተሰብ ያበላል እንጂ ጥሬ ብር አይሰጥም። አዲስ አበባ በዚያው ዘመን እየተቆረቆረች ነበርና ጎልማሳው እግሩን ወደዚያው አቀና። ቀን ሠራተኛ ሆነ፣ ተሸካሚ ሆነ፣ ውሎ አድሮም ነጋዴ ሆነ። ይሁን እንጂ ልቡን ይዞ አልሄደም። በመስቀል፣ እስላም ከሆነም በአረፋ፣ አገሩ ይገባል። ሳይገባ የቀረ እንደሆነ «ምን ነካው?» ይባላል።

አገር መግባቱ ግን ፈተና ነበር። ክረምቱ እየወጣ ሳለ፣ ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ ዕቃ ተሸክሞ በጭቃ ቀናትን መጓዝ ነው። በበቅሎና በሸክም ገበያ የሚደርስ ምርትም ዋጋው መንገድ ላይ ያልቃል። እናም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ሁለት ታላላቅ ማኅበራትን አቋቋሙ። አንደኛው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ነው፤ በወልቂጤ በኩል ወዳለው የሰባት ቤት አገር ያተኮረ። ሁለተኛው ከአለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ የቆመው ማኅበር ነው። ስለ ሁለተኛው ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት ጽፈውበታል። የከተማው ልጅ ገንዘብ ያዋጣል፣ የገጠሩ ጉልበት ይሰጣል፤ የአሠራሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የአያቴ ደረሰኞች ከዚህ ታሪክ የተቀነጨቡ ናቸው።

ዘመኑም ለዚህ የተመቸ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት፣ ለበጎ ሥራ ስለሚመደብ ንብረት፣ ገንዘብ ስለሚሰበስቡ ኮሚቴዎችም ጭምር ደንግጎ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለማሠራት ተነሣ። እሱ ግን ከአራት ዓመት ግድም በኋላ ታገደ፤ መሪዎቹም ታሠሩ። ሕዝብ ተሰብስቦ ገንዘብ ሲያዋጣ የሚፈራ መንግሥት ድሮም ነበር ማለት ነው።

ባሕር ማዶም ወሬው ተመሳሳይ ነው። ኬንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ጆሞ ኬንያታ «ሀራምቤ» ብለው ሕዝቡን ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ሥራ አስነሡ። የናይጄሪያ ኢግቦዎች በየከተማው ተበትነው የአገር ልጆች ማኅበር እያቋቋሙ ትምህርት ቤትና የመንደር አዳራሽ ሠሩ። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ሌላውም በየቋንቋው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ። መንገድ ቁልፍ የለውም። ካለቀ በኋላ የከፈለውም ያልከፈለውም ይሄድበታል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ውሎ አድሮ በመንግሥት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት እጅ ገብተዋል። ትምህርት ቤትም ቢሆን ሕዝብ ያሠራውን ሕንፃ መንግሥት አስተማሪ ይቀጥርለታል። አዳራሽ ግን ማን አለው? የአዳራሽ ሚኒስቴር የለም። ሠርተው የሚያስረክቡት ወገን ስለሌለ፣ የሠራው ሰው ራሱ ሊያኖረው ይገባል። የገንዘብ አዋጪዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው፤ አዳራሹ ያለው አረቅጥ። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

ቁልፉ ሲጠፋ

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ። የካቲት ላይ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ አድርጎ የገበሬ ማኅበራትን አቆመ። ሐምሌ ላይ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ወርሶ ቀበሌዎችን አስከተለ። ከዚያ ወዲያ «አዳራሽ» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ቃና ያዘ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያን ዘመን የሚያውቀው ከታላላቆቹ አፍ ነው። እናቴ «አዳራሽ ተጠራን» ስትል ዛሬም ድምፅዋ ዝቅ ይላል። መገኘት ግዴታ ነበር፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይጠየቃል። ቁልፉ በሊቀ መንበሩ ኪስ ነበር። ሰው የተሰበሰበበትን ቤት እየፈራ ኖረ። የሚፈራውን ቤት ደግሞ ማን ያድሰዋል? መስኮቱ ሲሰበር «የመንግሥት ነው»፣ ቆርቆሮው ሲነቀል «የማንም ነው» ተባለ።

እዚህ ላይ ቃላቱን አስተያዩልኝ። ጀፎረም የማንም አይደለም፤ አዳራሹም የማንም ሆነ። የመጀመሪያው «የማንም» ሁሉም የሚጠብቀው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ማንም የማይጠብቀው ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ደርግ ብቻ ነው ብዬ ግን ራሴን አላታልልም። መንግሥት ከተለወጠ እነሆ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ አበባ ያለን ልጆች ገንዘብ ልከን፣ ሪባን ቆርጠን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን ከተመለስን በኋላ «ቤቱ እንዴት ሆነ?» ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? የአያቴ ማኅበር እንኳ መልኩንና ስሙን እየለወጠ ከመንገድ ወደ ልማት፣ ከዚያም ወደ ልማትና ባህል ተሻግሮ ዛሬ ላይ ደርሷል። ማኅበር የሚቆየው አንድ ጊዜ ስለተመሠረተ አይደለም፤ ስብሰባ የሚጠራ፣ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ሲኖረው ነው።

ሙያ በዕድር

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የተሰበሰብነው ዕድር ቤት ውስጥ አልነበረም? ዕድር የሚያስተዳድረው ንብረት ቀላል አይደለም። ድንኳን አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፣ ብርጭቆ አለ። ይህ ሁሉ በየለቅሶው እየወጣ ይገባል። ንብረት ያዡ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ቆጥሮ ይረከባል፤ የሰበረ ይተካል፣ የዘገየ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ቁልፉን ይዞ ደብተሩን ጸሐፊው ይይዛል፤ አንዱ ያለ ሌላው አንድ ብር አያወጣም። ጊዜው ሲደርስ ምርጫ ይደረጋል፤ ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል። ሕግ አውጪውም ይህን አውቆ መሰለኝ፣ የ2001ዱም (አዋጅ ቁጥር 621) ሆነ እሱን የሻረው የ2011ዱ (አዋጅ ቁጥር 1113) የማኅበራት አዋጅ ዕድርንና ዕቁብን ከወሰኑ ውጪ ትቷቸዋል። በራሳቸው ደንብ እንዲሄዱ።

እንግሊዞች ዘንድ ከአሥር ሺህ በላይ የገጠር አዳራሾች አሉ ይባላል። ከእነሱም ጥቂት የማይባሉት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሞቱት ልጆች መታሰቢያ ተብለው የተሠሩ ናቸው። የሚያስተዳድሯቸው ደመወዝ የማይከፈላቸው የመንደሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ በበጎ አድራጎት ሕግ መሠረት ሒሳባቸውን ያሳውቃሉ። ለሠርግ ያከራዩታል፣ ለሕፃናት ጨዋታ ይሰጡታል፣ በኪራዩ ጣራውን ይጠግናሉ። ሳስበው የእኛ ዕድር ለድንኳኑ የሚያደርገውን እነሱ ለሕንፃው አደረጉት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ድንኳን ማስተዳደር የቻለ ሕዝብ አዳራሽ ማስተዳደር ያቅተዋል እንዴ?

ሁለተኛው ስብሰባ

በሁለተኛው ስብሰባ ላይ እጄን አነሣሁና ይህንኑ ባጭሩ ተናገርኩ። ክርክሩ ጦፈ። አንድ ባለ ሱቅ «እኛ ከፍለን ቁልፉን ሌላ ሊይዘው ነው?» ብሎ ተቆጣ። ንግግሩ ውስጥ እውነት አለ፤ የከፈለ ሰው ብሩ የት እንደገባ ማወቅ ይገባዋል። ሽማግሌው እንደ ቀድሞው ብድግ አሉ።

«አንተ በዓመት አንድ ጊዜ ለመስቀል ትመጣለህ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈት ቤት አይጥ እንጂ ሰው አይገባበትም። ቁልፉን እዚያ የሚያድር ይያዘው፤ አንተ ሒሳቡን ጠይቅ» አሉት።

ብዙ ከተባለ በኋላ የተስማማንበት እንዲህ የሚል ነው። ቁልፉ አገር ቤት ባለው ዕድር እጅ ይሁን፤ ድንኳኑና ወንበሩ ባለበት። አዲስ አበባ ያለው ኮሚቴ ቁልፍ አይያዝ። አዳራሹ ለሠርግና ለስብሰባ ሲሰጥ ጥቂት ኪራይ ይከፈልበት፤ ለለቅሶ ግን አይከፈልበት። ከኪራዩ ለጣራ የሚሆን ይቀመጥ። ሒሳቡ በየዓመቱ የመስቀል ሰሞን፣ አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ጀፎረው ላይ፣ ሁሉም በሚሰማበት ይነበብ። ይህኛውን ያመጡት ሽማግሌው ናቸው። «እዚያ መዋሸት ይከብዳል» አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም።

ባለ ሱቁ አኩርፎ ወጣ። ይመለስ አይመለስ ገና አላወቅንም። የተነገረው ገንዘብም ሁሉ አልገባም። እኔ ድርሻዬን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ፤ አያቴ ቆርቆሮ ውስጥ ከእሳቸው ደረሰኞች ጋር በዚያው ክር አስሬ አስቀምጬዋለሁ። አያቴ የመዋጮውን ደረሰኝ ሁሉ ለምን ሰብስበው እንዳቆዩ አሁን ይገባኝ ጀምሯል። አንድ ቀን «ብሬ የት ደረሰ?» ብለው ለመጠየቅ ያሰቡ ይመስለኛል። እሳቸው ሳይጠይቁ ቀሩ። ለመስቀል አረቅጥ እገባለሁ፤ ሒሳቡ ሲነበብ ጀፎረው ላይ ቁጭ ብዬ ልሰማ።