ቡና የገዛው ኢፋ

ነገሩ የጀመረው ብራዚል ላይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወረደ ውርጭ የብራዚልን ቡና አቃጠለው፤ የዓለም ዋጋም ሰማይ ነካ። የውጭ ምንዛሬ ያጠረው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1977 ግማሽ ያህሉ ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ ለሕዝቡ አቀረበ። ሕዝቡ ግን ይህን አልጠጣም አለ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሌላ እጥረት ነበር። ደርግ ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጧል፤ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገብቷል፤ ሠራዊቱ መሣሪያና መኪና ይፈልጋል። የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ ከፍተኛ ባለሥልጣን ቨርነር ላምበርትስ መጣና ስምምነት ተደረሰ። ቡና ይሄዳል፣ መሣሪያና ካሚዮን ይመጣል። ልውውጡ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ለቡናዋ ዶላር ጠየቀች። መኪናው ግን ቀረ። ሕዝቡ "ኢፋ" ብሎ የሚያውቀው እሱ ነው።

ለዚህ ሁሉ የከፈለው ማን ነው? ቡና አምራቹ ገበሬ ነው። በቦንጋ ዙሪያ ጫካው ራሱ ያበቀለውን ቡና የሚለቅመው የከፋ ሰው አንዱ ነው። ምርቱን መንግሥት በተመነው ዋጋ ሸጠ፤ በምትኩ ምን እንደተገዛ የነገረው የለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ከየቀበሌው የተመለመለው ወጣት በወታደር ካሚዮን ተጭኖ ወደ ማሠልጠኛ ሄደ። ቡናው መኪና ገዛ፤ መኪናው ልጅ ወሰደ።

ኢፋ ደብሊው 50 በሉድቪግስፌልደ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ተመረተ። ባለ 4 ሲሊንደር፣ 125 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። በ1990 አገሩ ምሥራቅ ጀርመን ከካርታ ጠፋች። በዓመቱ ደርግ ወደቀ። የሸጠውም የገዛውም መንግሥት ሞቶ መኪናው ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ሆነ። ባለቤቱ ራሱ መካኒክ መሆን ነበረበት።

ይህ የተቻለው ሞተሩ ቀላል ስለሆነ ነው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያውቅም። አየሩ ታምቆ ሲግል የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲጓዝ ጎጀብ ዳገት ላይ የቆመበት ሰው የሚጠይቀው ሦስት ጥያቄ ነው፤ ናፍጣ ይደርሳል? አየር ይገባል? ኮምፕሬሽን አለ?

ናፍጣ አልቆ ከቆመ መሙላት ብቻ አያስነሳውም፤ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ፊልትሮው ላይ ያለውን ብሎን አላልቶ፣ የእጅ ፓምፑን እየገፉ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪፈስ መታገሥ ነው። ጭሱ ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ናፍጣ በዝቶበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ከሆነ ናፍጣው በቅጡ አልነደደም፣ ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ውኃ ገብቷል። እንደ ከፋ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ በርሜል ውስጥ የከረመ ናፍጣ ውኃ ይይዛል፤ እሱን ሳያጠሉ መቅዳት ፖምፓውን መግደል ነው።

ይህ እውቀት ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የወረረው የጣሊያን ጦር "ትሬንታ ኳትሮ" የተባለውን የፊያት ናፍጣ ካሚዮን ይዞ መጣ፤ ሲሸነፍ መኪናውንም ቃሉንም ጥሎ ሄደ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ የሚሉት ቃላት ዛሬም የየጋራዡ አማርኛ ናቸው። ረዳቱ ከሹፌሩ፣ ልጁ ከመካኒኩ እያየ ተማረ። ጀርመን ሠራሹን ኢፋ በጣሊያንኛ ቃል እየጠሩ የጠገኑት እነዚህ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው።

"ከአያያዝ ይቀደዳል" ይባላል። ዛሬም አገሪቱ ከውጭ ለምታስገባው ማሽን ከሚከፍሉት ዋነኞቹ አንዱ ቡና ነው። ማሽኑ ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ያለ ሻጩ መሣሪያ ብልሽቱ የማይነበብ እየሆነ ነው። አንድ ግዢ ሲፈረም ስለ ዋጋው ብዙ ይወራል። መጠየቅ ያለበት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ሻጩ የሌለ ቀን ይህን ቦንጋ ላይ ማን ይጠግነዋል? መልስ ከሌለው የገበሬው ቡና የተለወጠው በመኪና አይደለም፤ በብረት ክምር ነው።