የእንጨት ጉድጓድ፣ የብረት ባልዲ

ጉድጓዱ ከእንጨት ነው፤ ባልዲው ከብረት። የሚቀዳው ድንጋይ ነው፤ የሚያፈስሰው ግን ውሃ። ንግሥተ ሳባ ለንጉሥ ሰሎሞን ካቀረበቻቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር የሚለው «ታርጉም ሼኒ» ነው፤ መጽሐፈ አስቴርን በአራማይክ ቋንቋ እያስፋፋ የሚተርክ፣ ከ1,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአይሁድ መጽሐፍ።

የዛሬ የከተማ አንባቢ ብዙ ሊያስብበት ይችላል። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ዓይናቸውን ተኩለው የተቀመጡ አንዲት የደቡብ ወሎ ቦረና እናት ቢጠየቁ ግን የሚቸገሩ አይመስለኝም። መልሱ የኩል ዕቃ ነው። ኩል ሲገዛ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው፤ ተወቅጦ እስኪልም ይደቆስና ጠባብ አፍ ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። መኳያዋ ቀጭን ናት፤ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ዱቄቱን ይዛ ትወጣለች፣ በዓይን ሽፋሽፍት መካከል ትሳባለች። ያን ጊዜ ዓይን ያቃጥላል፤ እንባ ይወርዳል። ድንጋይ ተቀዳ፣ ውሃ ፈሰሰ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። አንዱ እንደ አፈር ከምድር ይወጣል፣ ምግቡም አፈር ነው፣ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ቤት ያበራል ይላል፤ መልሱ ናፍጣ ነው። በኩራዝ ጭስ ውስጥ ሆኖ ለፈተና ያጠና የገጠር ተማሪ ሁሉ ወዲያው ይደርስበታል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ማዕበል በአናቱ ላይ ይጮኻል፤ ራሱን እንደ ደንገል ያዘነብላል። ለባለጸጋ ክብር ነው፣ ለድሃ ኀፍረት፤ ለሞተ ሰው ጌጥ፣ በሕይወት ላለ መከራ፤ ለወፍ ደስታ፣ ለዓሣ ሐዘን። መልሱ ተልባ ነው። ቦረናና አማራ ሳይንት ተልባን በደንብ ያውቁታል። ሰማያዊ አበባው የደጋውን ማሳ ሲያለብስ ያላየ ገበሬ የለም፤ በጾም ወራት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ሆኖም ገበሬው ማሳውን እያየ እንኳ ይህን እንቆቅልሽ ብቻውን ለመፍታት ይቸገራል። እኛ ከተልባ የምንፈልገው ፍሬውን ነው፤ ክራችን ከጥጥ ነው። ለወፍ የሚለውን ቁራጭ ይፈታዋል፤ ፍሬውን ከወፍ ሲጠብቅ የኖረ ነውና። ሌላው ይጨልምበታል።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ቢቀመጥ ነገሩ ይለወጣል። እርሱ የተልባ እግር የሚባለውን ልብስ ከመጽሐፍ ያውቃል፤ ካህናት ለብሰውታል፣ የጌታ ሥጋም የተከፈነው በእርሱ ነው። አገዳው በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተቀጥቅጦ፣ ቃጫው ተፈትሎ እንደሚሸመን ሲነግረው የባለጸጋው ክብርና የሞተው ሰው ጌጥ ይገለጣል። የድሃው ኀፍረት ያው ልብስ ያረጀና የተቦጫጨቀ ዕለት ነው። የዓሣውን ሐዘን የሚፈታው መረብ የጣለ የጣና ሰው ነው። ማዕበሉ ሸራ ወጥሮ የሚሄድ መርከብ ላይ ነው፤ በሕይወት ያለው ሰው መከራ ደግሞ የስቅላት ገመድ ነው። አንድ እንቆቅልሽ አራት አምስት ሰው ሲያስቀምጥ የሚታየው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ የኖረበትን ቁራጭ ይዞ ይመጣል።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ንግሥቲቱ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደ መጣች ይናገራል እንጂ ምን ብላ እንደ ጠየቀችው አይነግረንም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ አማካይነት የተዘጋጀው የእኛው ክብረ ነገሥትም ጥያቄዎቹን አይዘረዝርም። ስለ ነጋዴው ታምሪን፣ ስለ ንግሥቲቱ ስለ ማክዳ ጉዞ፣ በርበሬና ሆምጣጤ ስለ ገባበት ማዕድ፣ በሌሊት ስለ ጠጣችው ውሃ በሰፊው ይተርካል፤ ጥያቄዎቹን ግን ያልፋቸዋል። የንግሥቲቱን እንቆቅልሾች ጠብቀው ያቆዩልን የእስራኤል ሊቃውንት ናቸው። ከታርጉሙ ሌላ «ምድራሽ ሚሽሌ» የተባለውም አለ፤ ሰባት ሲወጡ ዘጠኝ ይገባሉ፣ ሁለት ይቀዳሉ፣ አንድ ይጠጣል የሚለውን የመዘገበው እርሱ ነው። ሰባቱ የወር አበባ ቀናት ናቸው፤ ዘጠኙ የእርግዝና ወራት፤ ሁለቱ ጡቶች፤ ጠጪው ሕፃኑ። ይህን ደግሞ ከአዋላጅ ቀድሞ የሚመልስ ሰው አይኖርም።

ክብረ ነገሥት ሲነሣ መቅደላን አለማንሣት አይቻልም። አምባው ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያው በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው የብራና ክምችት ወደ 350 የሚጠጋው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ ለንደን ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዘኝም አሉ። አንድ ቅጂ ተመለሰላቸው። ብዙው ግን እስከ ዛሬ እንግሊዝ አገር ነው፤ ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

ከብራና ውጭ የኖረው እንቆቅልሽ ግን ሊዘረፍ አልቻለም። ቦታው እሳት ዳር ነው። ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ፣ ልጆች ሲሰበሰቡ አንዱ «እንቆቅልሽ!» ይላል፤ ሌላዋ «ምን አውቅልሽ!» ብላ ትቀበላለች። መልሱ ከጠፋት «አገር ስጪኝ» ትባላለች። ደሴን ወይም ጎንደርን ትሰጣለች፤ ጠያቂው የተሰጠው አገር ገብቶ መልካሙን ሁሉ ለራሱ፣ ክፉውን ለእርሷ እያደረገ ከዘባነነ በኋላ መልሱን ይናገራል። የሽንፈት ዋጋው አገር ነው። ጨዋታ ቢሆንም ያላወቀ ሰው አገሩን ያጣል የሚለው ነገር በልጁ ልብ ይቀራል። አያት ከጥግ ሆነው ያዳምጣሉ፤ ልጆቹ ሲቸገሩ መልሱን አይናገሩም፤ «እስቲ ወደ ጓዳ ግቡ፣ ዙሪያችሁን እዩ» ይላሉ። ይህን ያህል ፍንጭ ብቻ።

አዋቂዎች ዘንድ ሲደርስ ይኸው ልማድ ቅኔ ቤት ይገባል። ተድባበ ማርያምን የመሰለ ጥንታዊ ደብር ባለበት በሳይንት ምድር የቆሎ ተማሪ ከቤት ቤት እየለመነ ተምሯል። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩ ያርማል፣ ባልንጀሮቹ ሰሙን ከወርቁ ለመለየት ይከራከራሉ። አንዱ ታሪኩን ያውቃል፣ ሌላው ሰዋስዉን፣ ሦስተኛው ቅኔው የሚነካውን ሹም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙ ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ስላሳተሙ ያ ሀብት ዛሬ በእጃችን አለ። የእሳት ዳሩ እንቆቅልሽ እንዲህ ያለ ባለውለታ ያስፈልገዋል።

ከነመልሱ ሳይሰበሰብ ቢቀር ምን እንደሚሆን ከእንግሊዞች መማር እንችላለን። በኤክሰተር ካቴድራል በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ ብራና አለ፤ ከ90 በላይ እንቆቅልሾች ይዟል። ብራናው በቢላ ተቆራርጧል፣ የመጨረሻ ገጾቹ ተቃጥለዋል። ከሁሉም የከፋው መልሶቹ አለመጻፋቸው ነው። ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያልተስማሙባቸው አሉ። መልሳቸው ከታወቀው አንዱ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ስለሚሄድ፣ ጌታው ከኋላው ጎንበስ ብሎ ስለሚከተለው ፍጥረት ነው። የቦረና ገበሬ ይህን ለመፍታት ዩኒቨርሲቲ አያስፈልገውም፤ ማረሻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ግን ያስቆመዋል፦ በአንድ ጎኔ አረንጓዴ፣ በሌላው ጥቁር ነው ይላል። የእኛ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ በደግሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ የእነርሱ ግን አፈሩን ወደ አንድ ጎን ይገለብጣል፤ ስለዚህ ገና ያልታረሰው ሣር በአንድ ወገን፣ ጥቁሩ ትልም በሌላው ይታያል። ይህን የሚያውቅ የመጽሐፍ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ሁለቱ አብረው እስከ መጨረሻው ይፈቱታል።

በእኛም ደጅ ያው ጨለማ እየመጣ ነው። እናቲቱ ተኝታ ልጂቱ በላይዋ ስትመላለስ የምታድር ምንድን ናት ተብሎ ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የተወለደ ልጅ ቢጠየቅ፣ ወፍጮና መጅን ካላየ በምን ይመልሳል? እህሉ የሚፈጨው በሞተር ወፍጮ ቤት ነው። ድርና ማግን፣ ሞፈርና ቀንበርን፣ ጋንና እንስራን፣ ኩልና መኳያን የሚያውቁ እጆች እያረጁ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ የሚታተሙት እንቆቅልሾች ጥላ፣ እንቁላል፣ ጨረቃ የመሰሉ የትም የሚገኙ ነገሮች ናቸው፤ መልካም ናቸው፣ ግን አገራቸው የማይታወቅ ናቸው። የቦረናን ሕይወት የያዙት ሌሎቹ ናቸው፤ አስቸጋሪዎቹ።

መካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው። የአማርኛ መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን በየቀበሌው ቢልኩ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት ገብተው አያቶችን ቢጠይቁ፣ እንቆቅልሹን ከነመልሱ፣ መልሱን ከነዕቃው ሥዕልና አሠራር ቢመዘግቡ፣ ቢያንስ የኤክሰተሩ ዓይነት ጉዳት አይደርስብንም። ሳይፈታ የቀረውንም አይጣሉት፤ ለገበሬው፣ ለሸማኔው፣ ለሸክላ ሠሪዋ፣ ለቅኔ መምህሩ አብረው ያቅርቡት። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ወላጆችህ ወይም አያቶችህ ዘንድ ከሆንህ አንድ እንቆቅልሽ ጠይቅና መልሱን ከነዕቃው ጻፍ።