በርበሬ ሲያቃጥል፣ እከክ ሲያሳክክ፦ የቆዳ አለርጂን መለየት በምዕራብ ጎጃም

ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበርበሬ አገር ናቸው። በርበሬ ስትቀነጥስ ውላ እጇ ሲንገበገብ ያደረ ሴት «በርበሬ አለርጂዬ ነው» ብትል አይፈረድባትም። ነገሩ ግን አለርጂ አይደለም፤ ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የነርቭ ጫፍን በቀጥታ ስለሚቀሰቅስ መጠኑ ከበዛ ማንንም ያቃጥላል። አለርጂ መራጭ ነው፤ ብዙዎችን የማይነካ ነገር የአንዱን ሰው የሰውነት መከላከያ ያስቆጣል።

በአንጻሩ ተላላፊነቱ እንጂ አለርጂነቱ የማይነሳው እከክ፣ ማሳከኩ አለርጂ ነው። ሴቷ የእከክ ተባይ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ቦርቡራ እንቁላል ትጥላለች፤ የሚያሳክከው በዋናነት መከላከያው ለእሷ፣ ለእንቁላሏና ለኩሷ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ድጋሚ የተያዘ ግን በጥቂት ቀናት ያክካል። በእኔ ግምት የእከክ ወረርሽኝ ጉልበት ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ሲሦው ገደማ እከክ ተገኝቶበታል።

ማሳከኩ አለርጂ ስለሆነም የስቴሮይድ ቅባት ለጊዜው ጋብ ያደርገዋል። አሳሳቹ ይኸው ነው፤ ምልክቱ ይደበዝዛል፣ ተባዩ ይራባል። ማሳከኩ ሌሊት ከባሰ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በእምብርት ዙሪያ ከወጣ፣ ቤተሰቡም ካከከ ቅባት ከመግዛት በፊት እከክን መጠርጠር ይገባል። (ከንፈርና ምላስ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው።)

የእከክ መድኃኒት የሆነው 5 በመቶ ፐርሜትሪን ከአንገት በታች ተቀብቶ ያድራል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የማያክከውም የቤቱ ሰው በዚያው ቀን ይቀባል። ተባዩ ከሞተም በኋላ ቅሪቱ ቆዳ ውስጥ ስላለ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ በላይ በላይ የሚቀባው ያን ጊዜ ነው፤ ቅባቱ ራሱ ቆዳውን ያስቆጣዋል። የአለርጂ መድኃኒት ቦታው እዚህ ላይ ነው።

የአብነት ተማሪ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በአንዲት ጠባብ ጎጆ ብዙ ሆነው ያድራሉ፤ የሚለብሱት ደበሎ ደግሞ ተባዩን ለመግደል እንደ ጨርቅ አይቀቀልም። ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ቀን በላይ ስለማይቆይ ደበሎውን በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ለአንድ ሳምንት ማስቀመጥ ይበቃል። ለዚያ ሳምንት ተማሪው የሚለብሰው ሌላ ነገር ግን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ የኔታም ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ቀን ይታከሙ።